አስራ አንዱ ቀን የት ሄደ?

ደንበኛው አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር። «ይቅርታ፣ ከሌላ ቦታ ገዛን» አለኝ፣ ቀጠሮ እንደሚሰርዝ ሰው ረጋ ብሎ። ቀጥሎ ስለ ጤንነቴ ጠየቀኝ። መልካም ቀን ተመኝቶልኝ ዘጋው። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከኛ ጋር 12 ዓመት የሠራ ሰው ነው። ድርጅታችን ለፋብሪካዎች የውሃ ፓምፕ ይሸጣል፣ ይተክላል፣ ሲበላሽም ይጠግናል። የጠየቀን ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ መለዋወጫ ነው፤ ውሃ በዘንጉ በኩል እንዳያፈስ የሚይዘው፣ «ሲል» የሚባለው። ዕቃውን አምጡ እንኳ አላለም። ዋጋውን ንገሩኝ ነው ያለው። ሰኞ ጠየቀ። ፕሮፎርማችን እጁ የገባው በ11ኛው ቀን ነው። 14 ሠራተኛ ያለው ተፎካካሪያችን በማግስቱ ልኮለታል። እኛ 160 ነን።

ይሄ የሆነው አዲሱ መዋቅር ሥራ ላይ በዋለ በአራተኛው ወር ነው። የከነከነኝም እሱ ነው። መዋቅሩን የቀየርነው እኮ ለመፍጠን ነበር።

## ስድስት ወር ሳጥን ስንስል

እንዴት እንደጀመርነው ብዙ አልተርክም። ገበያው ሲጠብና ትንንሾቹ ቀድመው መድረስ ሲጀምሩ አንድ ሰው ተነስቶ «መዋቅራችን ይፈተሽ» ይላል። ኮሚቴ ይቋቋማል። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ።

ከስልኩ በኋላ ቃለ ጉባኤዎቹን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። 19 ስብሰባ። ቴክኒሻኖቹ ተጠሪነታቸው ለሽያጭ ይሁን ወይስ ለጥገና፣ ሦስት ስብሰባ። የክፍሉ መሪ «ዳይሬክተር» ይባል ወይስ «ሥራ አስኪያጅ»፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት። የተኳረፉ ሁለት ሰዎች በአንድ ኃላፊ ሥር እንዳይገናኙ ብለን አንድ ክፍል ለሁለት ከፍለናል። የመዋቅሩ ቻርት ላይ አንዱን ሳጥን ደግሞ እንዳለ የተውነው ባለቤቱ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ስለቀረው ነው። ቃለ ጉባኤው ይህን አይልም። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ።

«ደንበኛ» የሚለውን ቃል ፈለግኩት። በየቃለ ጉባኤው መግቢያ ላይ አለ። ከመግቢያው በኋላ ማግኘት አቃተኝ።

ያም ሆኖ ሥራው ሲያልቅ አምስቱ መምሪያዎች ሦስት ሆኑ። ቻርቱ በቀለም ታትሞ በሩ አጠገብ ተሰቀለ። ብዙ ሰው አዲስ ማዕረግና አዲስ ቢዝነስ ካርድ አገኘ። በሁለተኛው ሳምንት ኮሪደር ላይ ሳልፍ አንዱ ልጅ ለጓደኛው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲል ሰማሁት። ሲያየኝ ደነገጠ። እኔም ተናደድኩ።

ተረቱን ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩበት። ሙሉ በሙሉ እውነት አይመስለኝም። ጉልቻው ከተዛነፈ ድስቱ ይገለበጣል፤ ወጡ ጣፈጠ አልጣፈጠ ያኔ ወሬ አይደለም። መዋቅር ሥራን ሊገድል ይችላል። ልጁ ግን በአንድ ነገር ልክ ነበር። እኛ ጉልቻውን ያዟዟርነው እሳቱ የት እንዳለ ጎንበስ ብለን ሳናይ ነው።

## የስቶሩ ደብተር

ማህደሩን አስመጣሁ። ወረቀቱ ከክፍል ወደ ክፍል ያለፈባቸው ቀኖች ጥግ ጥጉ ላይ ተጽፈዋል፤ ግማሾቹ ማህተም ስለተደረበባቸው አይነበቡም። ስለዚህ ወደ ስቶር ወረድኩ።

የስቶሩ ኃላፊ ከድርጅቱ ጋር አብረው ያረጁ ሴት ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። እሳቸው ደግሞ እኔን ከተቀጠርኩበት ቀን ጀምሮ «አንተ» ይሉኛል። ምክትል ሥራ አስኪያጅ ስሆንም አልቀየሩትም። ቢቀይሩት ቅር የሚለኝ ይመስለኛል።

«እትዬ፣ ይሄ ዕቃ ያኔ ስቶር ነበር?»

«ነበር እንጂ። ሰባት ፍሬ። ያውና፣ አሁንም እዚያው ነው።» በአገጫቸው መደርደሪያውን አሳዩኝ።

«ለሽያጭ ነግረዋቸው ነበር?»

«በዚያው ሰዓት ነዋ። ቆይማ።»

ከመሳቢያቸው ጫፉ የተጠቀለለ ስኩዌር ደብተር አወጡ። ሽፋኑ በፕላስተር ተይዟል። ገጹን በእስክሪብቶ በአራት አምድ ከፍለውታል። የትዕዛዙ ቁጥር፣ ዕቃው መኖሩን የተናገሩበት ቀን፣ ዕቃው ወጪ የሆነበት ቀን። የአራተኛው አምድ ርዕስ «የት ነው ያለው» ይላል። ዕቃውን ለማን አስቀርተው እንደያዙት እንዳይምታታባቸው፣ በየጠዋቱ እየደወሉ ወረቀቱ የት እንደደረሰ ይጽፋሉ። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም።

ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየሳቡ አነበቡልኝ። ሽያጭ አንድ ቀን። ቴክኒክ ሁለት ቀን። ፋይናንስ አንድ ቀን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ጋ ስድስት ቀን።»

ለማተምና ማህተም ለማድረግ ደግሞ አንድ ቀን። አስራ አንድ ሞላ።

መጀመሪያ የመጣልኝ መከራከር ነው። ቅዳሜና እሑድ እረፍት ነው፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ መስክ ነበርኩ አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ደብተሩን ዘግተው መሳቢያው ውስጥ ከተቱት። ዓርብ ግን ቢሮ ነበርኩ። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ነበር። ሐሙስ ጠዋት አገኘሁትና ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ሽያጭ አይቶታል፣ ቴክኒክ አይቶታል፣ ፋይናንስ አይቶታል። እኔ ምን እጨምርበታለሁ?

ደረጃውን ስወጣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ጆሮዬ ላይ ያቃጭል ነበር።

ያ ፊርማ ግዴታ ነው ያለው ማን ነው? እኔው ነኝ። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ሻጭ ዋጋ አሳስቶ አከሰረን። በማግስቱ ማስታወሻ አወጣሁ፦ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ለሌለ ማንኛውም ዕቃ፣ ያለ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ፊርማ ዋጋ አይሰጥም። ሻጩ ከለቀቀ ቆየ። ማስታወሻው ግን አለ። አዲሱ መዋቅር ሲወጣ የኔ ሳጥን ከቻርቱ ግራ ወደ መሐል መጣ፤ ማስታወሻውም አብሮኝ መጣ። በ19ኙ ስብሰባ አንድም ሰው አላነሳውም። ማን ያነሳዋል? ሰብሳቢው እኔ ነኝ።

ወደ ውጭ ስወጣ ቻርቱን ቆሜ አየሁት። ማን ለማን እንደሚታዘዝ በደንብ ያሳያል። ወረቀት የት እንደሚተኛ የሚያሳይ መስመር የለበትም። ያን ያወቁት እትዬ ብቻ ናቸው፣ በእስክሪብቶ።

## የባቡሩ ሰው

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሌሎች ድርጅቶች ከዚህ እንዴት እንደወጡ ማንበብ ያዝኩ። ካገኘሁት ሁሉ የወደድኩት አንድ አሮጌ ሥዕል ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የድርጅት ቻርት እየተባለ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1855 በአሜሪካ የኒው ዮርክና ኢሪ የባቡር ኩባንያ የበላይ ኃላፊ የነበረው ዳንኤል ማካለም ነው ያሠራው። እኛ እንደለመድነው ፒራሚድ አይደለም። ዛፍ ነው። ቦርዱና ፕሬዚዳንቱ ከታች፣ ሥሩ ላይ ተቀምጠዋል። ባቡሩ ላይ የሚሠሩት ላይ፣ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ናቸው። ቅጠል የሚያወጣው ወገን ማለት ነው።

የማካለም ጭንቀት የኔው ዓይነት ነው። 50 ማይል የሆነን ሐዲድ አንድ ኃላፊ በአካል እየተገኘ ሊመራው ይችላል ይላል፤ ሠራተኛውን ሁሉ ያውቀዋል፣ ችግሩን ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። 500 ማይል ሲሆን ግን ለአጭሩ የሠራው ዘዴ ለረጅሙ አይሠራም። የሱ ሐዲድ ወደ 500 ማይል ይጠጋ ነበር። ቴሌግራፍ በመምጣቱ ደግሞ ከየጣቢያው የሚጎርፈው ወሬ ማዕከሉን አጥለቅልቆታል። የዕለት ተዕለቱን ውሳኔ መስመሩን ከፋፍለው ለያዙት ኃላፊዎች ሰጠ። ማዕከሉ ሪፖርት ይቀበላል። ባቡር ሐዲድ ላይ ቆሞ ፊርማ ሲጠብቅ አስቡት እስቲ።

እኔ ያንን ማስታወሻ ስጽፍ 40 ነበርን። 40 ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ሊነጋገር የሚችለው በ780 ጥንድ ነው። 160 ሲሆን 12,720 ይደርሳል። ሰው በአራት እጥፍ አደገ፣ ምልልሱ ግን በ16 እጥፍ። ፊርማው ያው አንድ ነው።

ሁለተኛው የያዝኩት ታሪክ የፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፎርድ የሰሜን አሜሪካ የሂሳብ ተከፋይ ክፍል ከ500 ሰው በላይ ነበረው። በኮምፒውተር አግዘን 20 በመቶ እንቀንስ ብለው ሲያቅዱ የጃፓኑን መኪና ሠሪ ማዝዳን አዩ። ማዝዳ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው በአምስት ሰው ነው። የድርጅቶቹ ስፋት ባይመጣጠንም ልዩነቱ በስፋት ብቻ የሚገለጽ አልነበረም። ፎርድ ጋ ጸሐፊው ሦስት ወረቀት ያመሳክራል፦ የግዢ ትዕዛዙን፣ ዕቃው የገባበትን ሰነድና የሻጩን ደረሰኝ። ሦስቱ ካልገጠሙ ያሳድዳል። አብዛኛው ጉልበት የሚያልቀው እዚያ ማሳደድ ላይ ነው። በመጨረሻ ደረሰኙን ጭራሽ ተዉት። ዕቃ ተረካቢው በር ላይ ሆኖ ኮምፒውተሩን ያያል፤ ከትዕዛዙ ጋር ከገጠመ ይቀበላል፣ ክፍያው ይወጣል፤ ካልገጠመ ይመልሳል። የሰው ኃይሉ በ75 በመቶ ቀነሰ።

ቁጥሩ አይደለም የገረመኝ። ውሳኔው የወረደበት ቦታ ነው። ዕቃው መረከቢያ በር ላይ፣ እንደ እትዬ ያለ ሰው እጅ ውስጥ።

## «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ»

እኛ ያደረግነው ሲወራ ቀላል ነው። አንድ ሻጭ፣ አንድ ቴክኒሻንና አንድ የስቶር ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። እንዲህ ያለ አራት ቡድን አወጣን፤ ለእያንዳንዱም የራሱን ደንበኞች ሰጠነው። የዋጋ ቀመሩን ፋይናንስ አንዴ አስልቶ ሰጣቸው። በቀመሩ መሠረት እስከሆነና ቅናሹ ከ8 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ ፊርማ የለም። እኔ የሳምንቱን ዝርዝር ዓርብ ከሰዓት፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ አየዋለሁ። የተሰቀለውን ቻርት አልነካነውም።

የፋይናንስ ኃላፊው «ቁጥጥር ሊጠፋ ነው» ብሎ ይከራከራል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ በሁለት ቀን ተስማማ። ያልጠበቅኩት ተቃውሞ የመጣው ሥልጣን ከሰጠኋቸው ሰዎች ነው።

አንዱ ወጣት ሻጭ በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ መጣ። በሩን በቀስታ ያንኳኳል። «ጋሼ፣ ለማሳወቅ ያህል ነው። እስቲ አንዴ ይዩልኝ።» ወረቀቱ ተሞልቶ አልቋል፣ ሂሳቡ ልክ ነው። የፈራው ብሳሳት ማን ይጠየቃል የሚለውን ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የሆነውን ሰምቷል። አዲስ የገባ ሠራተኛ ሁሉ ይሰማዋል፤ ታሪኩ ከኦሪየንቴሽኑ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ፈረምኩለት። አዎ፣ ፈረምኩ። እጄ ለምዷል። በሦስተኛው ነው ብዕሩን አስቀምጬ «አንተ ምን ትላለህ?» ያልኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። «ልክ ነው እላለሁ» አለ በመጨረሻ። «እንግዲያው ላከው» አልኩት። በአራተኛው ጊዜ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ራሱ ስቆ ተመለሰ።

ፕሮፎርማ አሁን በአማካይ በሁለት ቀን ይወጣል። ይሄን ስናገር ግን ወዲያው የሚከነክነኝ ሌላ ነገር አለ። ቴክኒሻኖቹን ከአንድ ክፍል አውጥተን በአራት ጠረጴዛ ስንበትናቸው እርስ በርስ መማማራቸው ቀረ። ድሮ አንዱ ሲሳሳት ሦስቱ ይስቁበታል፣ ያ ስህተት አይደገምም። በሦስተኛው ወር ሁለት ቡድኖች ለሙቅ ውሃ የማይሆን አንድ ዓይነት «ሲል» ለሁለት የተለያዩ ደንበኞች ሸጡ። በአሥር ቀን ልዩነት። ጠረጴዛዎቹ መሐል ያለው ርቀት ስድስት ሜትር ነው። ይባስ ብሎ ሁለቱ ቡድኖች ቀመሩን በየራሳቸው አሻሽለው፣ ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ማውጣት ጀምረው ነበር።

ያኔ ሶኒ ትዝ አለኝ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1994 ራሱን እያንዳንዱ ስለ ትርፍና ኪሳራው በሚጠየቅ ስምንት ኩባንያ ከፈለ። ዓላማው ያው ነው፣ መፍጠን። በ1999 ዲጂታል ሙዚቃ ማጫወቻ ሲያወጣ ታዲያ አንድ አላወጣም። ዎክማን የሚሠራው ወገን አንድ አመጣ፣ ቫዮ ኮምፒውተር የሚሠራው ወገን ሌላ አመጣ። ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች፣ የማይተዋወቁ። አፕል ተቃራኒውን መንገድ ነበር የሄደው። ስቲቭ ጆብስ በ1997 ሲመለስ የየራሳቸው ትርፍና ኪሳራ ያላቸውን ክፍሎች አፍርሶ ዲዛይኑን አንድ ቦታ፣ ምህንድስናውን አንድ ቦታ ሰበሰበ። ሙዚቃ ማጫወቻው አይፖድ የወጣው በ2001 ነው።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው መሰብሰብ ይሻላል» ሊል ይችላል። እኔም ለአንድ ሳምንት ብዬ ነበር። ግን መኪና ሠሪው ጄኔራል ሞተርስና የኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያደጉት ደግሞ በመከፋፈል ነው። ዱፖንት ባሩድና ፈንጂ ሲሠራ የሚያዋጣው መዋቅር ቀለም መሸጥ ሲጀምር ኪሳራ አመጣበት፤ በ1921 በምርት በምርት ተከፈለ። የእነዚህን ኩባንያዎች ታሪክ ያጠናው አልፍሬድ ቻንድለር በ1962 የጻፈው ሐሳብ መዋቅር ስልትን ይከተላል የሚል ነው። እኔ በራሴ ቋንቋ ስተረጉመው፣ ማንን በምን ልትቀድም እንደፈለግክ ሳታውቅ ሳጥን አትሳል። እኛ በፍጥነት ነው የተበለጥነው፤ ስለዚህ በተንን። በጥራት ወይም በአዲስ ምርት ብንበለጥ ኖሮ መበተኑ ጉድ ይሠራን ነበር። (ኃላፊ የሚባለውን ነገር ጭራሽ እናጥፋ የሚሉም አሉ። በኢንተርኔት ጫማ የሚሸጠው የአሜሪካው ዛፖስ እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ መቀጠል የማይፈልግ ካሳ ተቀብሎ ይሂድ ሲል 14 በመቶ ያህሉ ሠራተኛ ተነስቶ ሄደ። እኔ ያን ያህል ድፍረት የለኝም።)

ቡድኖቹን መልሰን አላፈረስንም። ቴክኒሻኖቹ በየሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት አብረው ይቀመጣሉ፣ የተበላሸውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው። ቀመሩን የሚነካው ፋይናንስ ብቻ ሆነ። የረቡዑ ስብሰባ አጀንዳ የለውም፣ ቃለ ጉባኤም አይያዝም። የሚስቁበት ድምፅ ቢሮዬ ድረስ ይሰማል።

## ያልላክሁት ማስታወሻ

ለራሴ ያላሰብኩበት አንድ ነገር ነበር። ጠረጴዛዬ ባዶ ሆነ።

በፊት ጠዋት ስገባ ወረቀቱ ክምር ነበር፤ እያማረርኩ እቀመጣለሁ። አሁን ማማረሪያው የለም። ስልኬ አይጮህም። ለደንበኛ ምን ዋጋ እንደተሰጠ የምሰማው ዓርብ ነው። አንድ ቀን ሳላስበው ወደ ስቶር ወርጄ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብዬ ቆምኩ። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። «ሥራ ፈታህ እንዴ?» አሉኝ። ስቀን ተለያየን። ደረጃው ላይ ግን አልሳቅኩም።

ባለፈው ወር ደግሞ ያ ወጣት ሻጭ ተሳሳተ። የ8 በመቶውን ቅናሽ ሁለት ጊዜ ቀነሰው። ትልቅ ትዕዛዝ ነበር፣ ትርፋችን ሁሉ ሄደ። ዓርብ ዝርዝሩን ሳይ ነው ያገኘሁት። ጠርቼ ሳነጋግረው ፊቱ ነጭ ሆነ። ራሱ አስልቶ፣ ራሱ ስህተቱን አሳየኝ። ቀመሩ የተጻፈበት ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ መቀነስን የሚከለክል ነገር አልነበረም። ያን በአሥር ደቂቃ አስተካከልነው።

እሱ ከወጣ በኋላ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ጣቶቼ ቃሉን አልረሱትም። «ከዛሬ ጀምሮ ከ… በላይ የሆነ ማንኛውም ትዕዛዝ ያለ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ፊርማ…» አንድ አንቀጽ ሆነ። ቀን ጻፍኩበት። ለማን እንደሚደርስ ዘረዘርኩ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማስታወሻው እስካሁን እዚያው ነው። አልላክሁትም። አልሰረዝኩትምም።